ከወንጌል ኅዳግ እስከ መዝገብ ቤት
ስለ እንጦጦ ማርያም ዘመንና ስለ አድባራትና ገዳማት የመዝገብ አያያዝ

፩

የኢትዮጵያን ታሪክ የሚመረምር ሰው ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ቀጥሎ የሚፈልገው የየዕለቱን አስተዳደር የሚያስረዳ ሰነድ ነው፤ ይኸውም መሬት ለማን እንደ ተሰጠ፥ ርስት ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ፥ ሟች ለልጆቹ ምን እንደ ተናዘዘ፥ በክርክር ማን እንደ ረታና ማን እንደ ተረታ የሚገልጥ ጽሑፍ ነው። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ለተማረ ሰው «ሰነድ» ሲባል መጀመሪያ በሐሳቡ የሚመጣለት ማኅተም ያረፈበት፥ ቍጥር የተሰጠው፥ በመደርደሪያ ላይ በተራ የተቀመጠ ወረቀት ነው። ይህን ሐሳብ ይዞ ወደ አገሩ ታሪክ ሲመለስ፥ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፊት ላለው ዘመን እንዲህ ያለ መዝገብ ቤት ስለማያገኝ፥ አባቶቻችን የመንግሥትን ነገር በቃል እንጂ በጽሑፍ አልያዙም ወደሚል ፍርድ ያዘነብላል። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። መዝገቡ ነበረ፤ የተቀመጠው ግን በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፥ በወንጌልና በሌሎች ቅዱሳት መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነገር ማስረዳት ነው። የመጀመሪያው፥ የመንግሥትና የሕዝብ ጉዳይ ስለ ምን በቅዱስ መጽሐፍ ላይ ይጻፍ እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛው፥ መንግሥት የራሱን መዝገብ ቤት ካቋቋመ በኋላ ያ አሮጌ መዝገብ ምን እንደ ደረሰበትና ዛሬ በእኛ ላይ ምን ዓይነት ዕዳ እንደ ጣለ ነው። ለነገሩ መካከለኛ ቦታ አድርጌ የመረጥሁት እንጦጦ ማርያምን ነው፤ ሁለቱ ዘመናት የተገናኙትና የተለያዩት በዚያ ተራራ ላይ ነውና። በጽሑፉ ውስጥ ዓመተ ምሕረት የተባለው ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ የኤውሮፓው ሲሆን በስሙ ይጠራል።

፪

እንጦጦ ማርያም ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ ከጉለሌ በላይ በሚገኘው የእንጦጦ ተራራ ላይ ያለች ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ናት። ያሠሯት ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ ከተማቸውን በተራራው ላይ ባደረጉበት ዘመን ነው። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ በኋላ፥ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ የተባሉት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እቴጌ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዘውድ ጫኑ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ከተማው ከተራራው መውረድ ጀምሮ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈርቍራ፥ መኳንንቱም በየሰፈሩ መሬት እየተቀበሉ ከፍል ውሃው አጠገብ ይሠሩ ነበር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቤተ መንግሥቱ ታች ቀረ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግን ከካህናቷና ከንዋየ ቅድሳቷ ጋራ በተራራው ላይ ጸንታ ቆመች።

ይህ ነገር በጠቅላላው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለረዥም ዘመን የኖሩት በድንኳን ከተማ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን፥ ፋሲልና ከእርሱ በኋላ የነገሡት በጎንደር ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጠዋል፤ ሆኖም ክረምቱ ሲያልፍ ሠራዊቱን አስከትቶ መዝመት የመንግሥት ልማድ ነበር። ራሳቸው ምኒልክም እንጦጦ ከመድረሳቸው በፊት አንኮበርንና ልቼን ከተማ አድርገዋል። በበቅሎ ጀርባ የሚጓዝ መንግሥት ብዙ ብራና ተሸክሞ ሊዞር አይችልም፤ ድንኳን ይቃጠላል፥ በጦርነት ይዘረፋል፥ ንጉሥ ሲሞትም ይበተናል። ቤተ ክርስቲያን ግን ትቆማለች። ስለዚህ ንጉሡ ትእዛዙን ሰጥቶ ሲሄድ፥ የትእዛዙ ቃል ከማይሄደው ቤት ውስጥ ይቀር ነበር። አድባራትና ገዳማት የመንግሥት መዝገብ ቤት የሆኑት ማንበብና መጻፍ በእነርሱ ዘንድ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ መንግሥቱ ተጓዥ፥ እነርሱ ግን ተቀማጭ ስለ ነበሩ ነው።

፫

ከዚህ ዓይነት መዝገቦች መካከል ዕድሜያቸው የታወቀ ጥንታውያን አሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው ወንጌል በ1273 ዓ.ም. አካባቢ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ የተሰጠ ነው፤ በውስጡም የገዳሙ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተዘርዝረው ይገኛሉ። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚባል ታላቅ የቤተ መንግሥት ማዕርግ ስለ ነበረው፥ የገዳሙ መዝገብና የመንግሥቱ ጉዳይ ተቀራርበው እንዲኖሩ ሆኗል። በሺመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌልም የንጉሥ ላሊበላንና ከእርሱ በኋላ የነገሡትን ስጦታዎች ይዟል፤ ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1901 አሳትሞታል። የአክሱም ጽዮንን ርስትና ሥርዐት የያዘው መጽሐፈ አክሱምም የዚሁ ወገን ነው።

«የወርቅ ወንጌል» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ የተነሣ የተሰጠ ነው፤ ነገር ግን የመጽሐፉ ክብር ከሽፋኑ ይበልጣል። ወንጌል በበዓል ቀን በመስቀልና በጥላ ታጅቦ ይወጣል፤ ሕዝቡ ይሳለመዋል፤ መሐላም በእርሱ ፊት ይፈጸማል። የመሬት ስጦታ በዚህ መጽሐፍ ላይ ሲጻፍ እንግዲህ ጽሑፉ መሐላውን ወረሰ ማለት ነው። በኤውሮፓ ሰነድን የሚያጸናው የንጉሡ ማኅተም ሲሆን፥ በእኛ አገር ለብዙ ዘመን ያጸናው የተጻፈበት ቦታ ነው። ማኅተም ሊቀረጽ ይችላል፤ ወንጌሉን ግን ከማኅበሩ ዓይን ሰርቆ አውጥቶ መጻፍ ከባድ ነበር።

ይህ ልማድ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ አገር «የዲር መጽሐፍ» የሚባለው በ10ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈ ወንጌል፥ በ12ኛው መቶ ዓመት በኅዳጉ ላይ ለዲር ገዳም የተሰጠ መሬት በአገሩ ቋንቋ በጌልኛ ተጽፎበታል፤ ያም ጽሑፍ በስኮትላንድ ከተገኙት የጌልኛ ጽሑፎች ሁሉ ከጥንታውያኑ አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። ታላቁ የኬልስ ወንጌልም በአየርላንድ ቋንቋ የተጻፉ የመሬት ውሎች አሉበት። በእነዚያ አገሮች ግን ልማዱ ቀደም ብሎ ቀርቶ፥ ገዳማቱ የመሬት ሰነዶቻቸውን ለብቻው በተዘጋጀ ጥራዝ መገልበጥ ጀመሩ። በኢትዮጵያ ግን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቈየ።

፬

አሁን የመዝገቡን አሠራር እንመልከት። በአንድ ደብር አለቃው የማኅበሩ ራስ ነው፤ ቀኝ ጌታ፥ ግራ ጌታና መሪጌታ ከእርሱ ቀጥለው በማኅሌቱ ይቆማሉ። ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ሕንጻና ንብረት ይጠብቃል፤ መጋቢው ገቢውንና ምግቡን ያስተዳድራል፤ ዕቃ ቤቱም መጻሕፍቱንና አልባሳቱን ይይዛል። በገዳም ደግሞ አበምኔቱ ከመጋቢውና ከሽማግሌ መነኮሳቱ ጋራ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ጸሐፊው ከእነዚህ መካከል ወይም ከደብተሮቹ አንዱ ነው። መጽሐፉ የሚገኘው ከዕቃ ቤቱ እጅ ነው፤ ጸሐፊው ብቻውን፥ ዕቃ ቤቱም ብቻውን ምንም ሊያደርጉ አይችሉም። ሥልጣኑ እንዲህ መከፋፈሉ ራሱ አንድ የቍጥጥር ዘዴ ነበር።

ጽሑፉ የተለመደ መልክ አለው። በሥላሴ ስም ይጀምራል፤ የንጉሡን፥ የጳጳሱን፥ አንዳንድ ጊዜም የእጨጌውንና የአገረ ገዢውን ስም ይጠራል፤ ዘመኑን በወንጌላዊው ስም ይወስናል። ከዚያ ዋናው ጉዳይ ይከተላል፤ የተሰጠው ወይም የተሸጠው ምን እንደ ሆነ፥ ድንበሩ በየት በየት እንደሚያልፍ፥ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ይጻፋል። ቀጥሎ ምስክሮችና ዋሶች በየስማቸውና በየማዕርጋቸው ይቈጠራሉ። በመጨረሻም ይህን ቃል በሚያፈርስ፥ በሚፍቅ ወይም መጽሐፉን በሚሰርቅ ላይ ውግዘት ይወርዳል። ቋንቋው በመግቢያውና በውግዘቱ ግእዝ ነው፤ የእርሻው ስም፥ የዋጋው ስምምነትና የተከራካሪዎቹ ቃል ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ወደ አማርኛ ይዞራል። ስለዚህ እነዚህ ኅዳጎች ለአማርኛ ቋንቋ ታሪክም እጅግ የከበሩ ምስክሮች ናቸው፤ በስድ ንባብ የተጻፈ የጥንት አማርኛ ከእነርሱ ውጭ በብዛት አይገኝምና።

የደብሮቹን መዝገብ ለመረዳት «ሰሞን» የሚለውን ቃል ማስተዋል ይጠቅማል። ሰሞነኛ የሚባለው በተራው ሳምንት ቅዳሴውንና ማኅሌቱን የሚያገለግል ካህን ነው፤ የሰሞን መሬት የሚባለውም በዚያ አገልግሎት ምክንያት የሚያዝ መሬት ነው። የአገልጋዮቹ ዝርዝርና የመሬቱ ዝርዝር እንግዲህ አንድ ነገር ነበሩ። ከአገልጋዮቹ አንዱ ሲሞት ወይም አገልግሎቱን ሲያጓድል፥ የተራው ጥያቄ ወዲያው የመሬት ጥያቄ ይሆን ነበር። ይህ ስለ ሆነ መዝገቡ የሞተ ወረቀት አልነበረም፤ በየሳምንቱ ሰው በእግሩ ቆሞ የሚፈጽመው ውል ነበር።

፭

ታሪክ ጸሐፊው ይህን መዝገብ ሲጠቀም ማመንም መጠርጠርም አለበት። ለመመርመር ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ ራሱ ጽሑፉ የያዘው የዘመን አቈጣጠር ነው። አራቱ ወንጌላውያን በየዓመቱ ስለሚፈራረቁ፥ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ 1 ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፥ 2 ሲተርፍ ዘመነ ማርቆስ፥ 3 ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ይሆናል፤ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዘመነ ዮሐንስ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሆኑበት 1882 ለአራት ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ ዘመነ ማርቆስ ነበር። በዚያ ዓመት ተጻፈ የተባለ አንድ ውል ዘመነ ሉቃስ ብሎ ቢገኝ፥ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፥ ወይ ከሌላ ሲገለበጥ ተዛብቷል፥ ወይም ከጊዜ በኋላ ለክርክር ተብሎ ተፈጥሯል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የእጅ ጽሕፈቱን መልክ፥ የቀለሙን ዓይነት፥ የተፋቀውን ቦታ፥ የምስክሮቹንም ስም በሌሎች ጽሑፎች ከሚገኙት ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል። የጥንት ነገሥታት ስጦታ ነው ተብሎ በኋለኛ እጅ የተጻፈ ብዙ ነው፤ ይህ ግን ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። ብራናው ሲያረጅ ቃሉን ወደ አዲስ መጽሐፍ ማሸጋገር የጠባቂው ግዴታ ነበርና።

ከዚህ ምርመራ ምን ያህል ፍሬ እንደሚገኝ የጎንደር ዘመን ጥናት አሳይቷል። ሀንቲንግፎርድ የሰሜን ኢትዮጵያን የመሬት ስጦታዎች ሰብስቦ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1965 በአዲስ አበባ አሳተመ፤ ዶናልድ ክረሚም በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ በጎንደርና በአካባቢው ባሉት አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ የተጻፉትን የመሬት ሽያጮች፥ ኑዛዜዎችና ክርክሮች መሠረት አድርጎ የመሬት ይዞታን ታሪክ ጽፏል። በዜና መዋዕሉ ውስጥ ንጉሥና መስፍን ብቻ በሚታዩበት ዘመን፥ በኅዳጉ ላይ መሬት የምትገዛ ሴት፥ ርስቱን የሚያስይዝ ወታደርና ከወንድሙ ጋራ የሚሟገት ደብተራ ይታያሉ።

አንድ ጥያቄ ግን በዚህ ቦታ መነሣት አለበት። እንዲህ አድርጎ መሬትን የሚመዘግብ የሊቃውንት ማኅበር፥ የራሱን ትምህርት ስለ ምን እንደዚያ አልመዘገበም? በቤተልሔም ድጓ አስመስክሮ የወጣ፥ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ፥ በጎንደር አቋቋም ያደላደለ ሊቅ በአብዛኛው ማስረጃው የመምህሩ ስም ነበረ፤ እገሌ ከእገሌ፥ እገሌም ከእገሌ ተማረ እየተባለ የሚቈጠር የቃል ሐረግ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ይመስለኛል። ዕውቀት በሰውዬው ውስጥ ስላለ፥ የሚጠራጠር ቢኖር በማኅሌቱ መካከል አቁሞ ሊፈትነው ይችላል፤ ቅኔ ያልቻለ ሰው የቅኔ መምህር ነኝ ቢል በአንድ ጉባኤ ይገለጣል። መሬት ግን አይናገርም፤ የማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ አይመልስም። ስለዚህ ማኅበሩ የጻፈው የሚጻፈውን ሁሉ ሳይሆን፥ ያለ ጽሑፍ ሊመሰክር የማይችለውን ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ተመራማሪ የጽሑፉን ብዛት አይቶ ማኅበሩ ከትምህርቱ ይልቅ ርስቱን ይወድ ነበር ሊል ይችላል፤ ይህም ስሕተት ነው።

፮

መዝገቡ በቦታው ላይ የተመሠረተ ከሆነ፥ መጽሐፉ ከቦታው ሲነሣ ምን ይሆናል? ለዚህ ታላቁ ምሳሌ መቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የካህናቱን ቍጥር ለመወሰንና የተረፈውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ለገባሪ ለመስጠት ባሰቡ ጊዜ ከካህናቱ ጋራ ተጣሉ፤ በኋላም የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ ላይ ለሚሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አጋዙ። ዐስበውበትም ይሁን ሳያስቡት፥ ከመጻሕፍቱ ጋራ የመሬቱ ማስረጃ አብሮ ተጋዘ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱን ያዘ፤ ከእነርሱም 350 ያህሉ ለንደን ወደሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ዛሬም የጎንደርን መሬት ታሪክ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ከጎንደር ይልቅ ወደ ለንደን ለመሄድ የሚገደድበት ጊዜ አለ።

ከተወሰዱት መካከል አንዱ ክብረ ነገሥት ነበረ። ዐፄ ዮሐንስ ራብዓይ በአክሱም በነገሡበት በ1864 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ደብዳቤ ልከው መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ያቀረቡት ምክንያት ለእኛ ጉዳይ እጅግ አስፈላጊ ነው። መጽሐፉን የፈለጉት ስለ ንግሥት ሳባ ታሪክ ብቻ አልነበረም፤ የአገሩ ሕግ፥ የሹማምቱ፥ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በውስጡ እንዳለ፥ ያለ እርሱም ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል አስረዱ። አንድ ንጉሠ ነገሥት ለማስተዳደር መዝገቡ እንደሚያስፈልገው ለውጭ መንግሥት ሲገልጥ እነሆ እናያለን። የሙዚየሙ ባለ አደራዎችም ተስማምተው መጽሐፉን በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. መለሱ። ሲመልሱም የመጻሕፍት ቤቱ ኀላፊ መጽሐፉ በባለ አደራዎቹ ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱን፥ ከነቀኑ፥ በራሱ በመጽሐፉ ላይ ጻፈበት፤ በምኒልክ ዘመን መጽሐፉን ያየው ፈረንሳዊው ሁግ ለ ሩ ጽሑፉን አንብቧል። ያ እንግሊዛዊ ሹም የኢትዮጵያን ልማድ ሳያውቅ፥ አንድ የኢትዮጵያ ደብተራ ሊያደርገው የሚገባውን አደረገ፤ የዝውውሩን ቃል በተዘዋወረው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ አሰፈረ።

፯

አሁን ወደ እንጦጦ እንመለስ። ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ሲረጋ፥ መንግሥቱን ከቤተ ክርስቲያን ኅዳግ ጋራ ያስተሳሰረው ምክንያት ቀረ፤ ንጉሡ የማይጓዝ ከሆነ መዝገቡን አጠገቡ ሊያኖር ይችላልና። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ዜና መዋዕላቸውን የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። ጥንታዊው የጸሐፌ ትእዛዝ ማዕርግ አዲስ መሥሪያ ቤት አገኘ ማለት ነው። የሸዋና የሌሎችም አገሮች መሬት በቃላድ እየተለካ ከመንግሥት፥ ከባላባትና ከቤተ ክርስቲያን ድርሻ ሲገባ፥ የመሬቱ ልክ ከምስክር ቃል ይልቅ በመዝገብ ቍጥር ይታወቅ ጀመር። ሥልጣኑ ከቦታ ወደ ማኅተም ተዛወረ።

ይህ ለውጥ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። በኅዳግ የተጻፈ ውል የደብሩን አለቃ ለሚፈራ ድኻ አይመችም ነበር፤ ወንጌሉን ለማስወጣት የማኅበሩን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ ከማኅበሩ ጋራ የተሟገተ እንደ ሆነ ደግሞ ባላጋራው የማስረጃው ጠባቂ ነበረ። የመንግሥት መዝገብ ቢያንስ በመርሕ ለሁሉም ክፍት ነው። ነገር ግን አዲሱ መዝገብ የአሮጌውን ቃል ወደ ራሱ ሳይገለብጥ ስለ ተነሣ፥ ሁለቱ ለረዥም ጊዜ ጎን ለጎን ኖሩ። በኅዳር 1935 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ የቤተ ክርስቲያኒቱን ገቢ ወደ አንድ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ለመሰብሰብ ሲነሣ፥ የየደብሩ የግል መዝገብ ሌላ ደረጃ ዝቅ አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፥ የሰሞን መሬትም ሆነ የገዳም ርስት ቀረ። በዚያ ቀን በወንጌል ኅዳግ የተጻፈው ውል ሁሉ የሕግ ኀይሉን አጣ። መሬቱ ሲሄድ መዝገቡን የሚጠብቅበት የዕለት ምክንያትም ከማኅበሩ ዘንድ ሄደ።

የጉዳዩ አሳሳቢነት ከዚህ ላይ ነው። ወንጌሉ ለቅዳሴ ስለሚያገለግል ይጠበቃል፤ ኅዳጉ ግን ለማንም የማያገለግል መስሎ ይታያል። መጽሐፍ ሰርቆ ወደ ውጭ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው የደብሩን ስምና የስጦታውን ቃል የያዘውን ቅጠል ነው፤ ያ ቅጠል የስርቆቱ ምስክር ነውና። አንድ የብራና መጽሐፍ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ሥዕሉ ተገልጦ ሲታይ ገዢውም ተመልካቹም ይደነቃል፤ የተቈረጠው የመጨረሻ ቅጠል ግን የአንድ መንደር ድንበር፥ የሠላሳ ምስክሮች ስም፥ የአንዲት ባልቴት ኑዛዜ የነበረበት ሊሆን ይችላል። ሥዕል ያለበት ሌላ መጽሐፍ ይገኛል፤ ያ ቃል ግን በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው።

፰

እስካሁን የተሠራው በጎ ሥራ ትንሽ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1973 በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ድርጅት፥ ሥራው እስካበቃ ድረስ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል፤ የሐይቁ ወንጌልም 1832 የሚል ቍጥር ይዞ ከእነርሱ መካከል ይገኛል። የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት ዝርዝር ከመጻሕፍቱ ዋና ይዘት ጋራ የኅዳግ ጽሑፎቹንም እየነቀሰ ስለሚያመለክት ለተመራማሪ መንገድ ከፍቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 209 የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅም ለእነዚህ መጻሕፍት የሕግ ከለላ ሰጥቷል።

ነገር ግን ሦስት ነገር ይቀረናል። አንደኛ፥ መጽሐፍ ሲመዘገብ ርእሱንና የሥዕሉን ብዛት ብቻ ጽፎ «በኅዳጉ ልዩ ልዩ ጽሑፍ አለ» ብሎ ማለፍ መቅረት አለበት፤ ለታሪክ ምሁር ብዙ ጊዜ ዋናው መጽሐፍ ያ «ልዩ ልዩ» የተባለው ነው። ወንጌሉ በሺህ ቅጂ ይገኛል፤ ኅዳጉ አንድ ነው። ሁለተኛ፥ ጽሑፉ ከቦታው ጋራ አብሮ መነበብ አለበት። የድንበሩን ወንዝና ዛፍ ስም የሚያውቅ የአገሩ ሽማግሌ ነው፤ ፎቶግራፉን በከተማ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ቃሉን ያነባል እንጂ መሬቱን አያነብም። ስለዚህ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ከግእዝ ቋንቋ ጋራ የመስክ ጥናት መማር ይገባቸዋል። ሦስተኛ፥ ከተነሣው ፎቶግራፍ አንድ ቅጂ በባለ ቤቱ ደብር መቅረት አለበት። ተመራማሪው ሥዕሉን ይዞ ሲሄድ ማኅበሩ ዘንድ ምንም ሳይቀር ከቀረ፥ በመልኩ ይለይ እንጂ የመቅደላ ሥራ ተደገመ ማለት ነው፤ የዕቃ ቤቱ ጠባቂዎችም መጽሐፋቸውን ለማሳየት ቢያመነቱ ሊደንቀን አይገባም። የእነርሱ ጥርጣሬ ከአባቶቻቸው የተረከቡት የሥራ ደንብ ነው፤ በውግዘቱ ቃል ውስጥ መጽሐፉን የሚያወጣ ሰው መጠራቱን አይዘነጉም።

የእንጦጦ ማርያም ታሪክ የሚያስረዳን ይህንን ነው። መንግሥት ወደ ታች ወርዶ መዝገቡን ለብቻው ሲያቋቁም፥ ከኋላው የስድስት መቶ ዓመት ጽሑፍ በየዕቃ ቤቱ ትቶ ሄዷል። ያንን ጽሑፍ የጠበቁት ካህናት ለታሪክ ምሁር ብለው አልጠበቁትም፤ ለርስታቸውና ለቃል ኪዳናቸው ብለው ነው። ርስቱ ከቀረ ግማሽ መቶ ዓመት አለፈ። ቃሉ ግን አሁንም በብራናው ላይ አለ፤ የሚያነበው ሰው ከሚቈርጠው ሰው ቀድሞ መድረስ አለበት።